ከመኪና ሥር ለመግባት፦ ክሪክና ካቫሌቶ፣ ራምፓ፣ ጉድጓድ ወይስ ሊፍት?

ግቢው ውስጥ የራሱን መኪና የሚሠራ ሰው አንድ ቀን እዚህ ጥያቄ ላይ ይደርሳል። ዘይት መቀየሩ ተለምዷል። የፍሬን ሸራውም እንደዚያው። የሚሰለቸው ካርቶን አንጥፎ በጀርባ መተኛቱ ነው። አቧራው ዓይን ውስጥ ይገባል፣ ወገብ ይይዛል፣ ቁልፍ ለማዞር ክንድ የሚዘረጋበት ቦታ የለም። "ጋራዤን ላሻሽል ነው" ብላችሁ ካወራችሁ ደግሞ መካሪው ይበዛል። አንዱ ጉድጓድ አስቆፍር ይላል። ሌላው ብየዳ ቤት ሄደህ ራምፓ (ጎማው የሚወጣበት የብረት ተዳፋት) አሠራ ይላል። ሌላው ከቻይና ሊፍት ስለማስመጣት ያወራል።

እኔ በአራቱም ሠርቻለሁ። ክሪክና ካቫሌቶው (የተነሳውን መኪና የሚይዘው የብረት መቆሚያ) የራሴ ነው፣ ራምፓው የወንድሜ፣ ጉድጓዱ የጎረቤቴ፣ ሊፍቱ የአንድ ጓደኛዬ። ዋጋ በብር አልጽፍላችሁም። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዕቃ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል፤ ዛሬ የጻፍኩት ቁጥር ነገ ያሳስታችኋል። የትኛው ለየትኛው ግቢና ለየትኛው ሥራ እንደሚሆን ግን ልነግራችሁ እችላለሁ።

መጀመሪያ ወለሉ

ብዙ ሰው ዕቃውን ገዝቶ ግቢ ካስገባ በኋላ ነው ወለሉን የሚያየው። የአዲስ አበባ ግቢ ባብዛኛው ወይ ኮብልስቶን ነው፣ ወይ ሴራሚክ ነው፣ ወይ ስስ ሊሾ ነው። ሦስቱም መኪና ለማቆም ይበቃሉ። መኪና ለማንሳት ግን አይበቁም።

ጎማ ያለው ትልቁ ክሪክ ሲነሳ ክንዱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ አይወጣም። ቅስት እየሠራ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ወይ ክሪኩ ወደ መኪናው መንከባለል አለበት፣ ወይ መኪናው ወደ ክሪኩ። ኮብልስቶን ላይ የክሪኩ ትንንሽ ጎማዎች በድንጋዮቹ መሃል ይሰነቀራሉ። መኪናው ደግሞ በእጅ ፍሬንና በታኮ (ጎማ ሥር በሚደረግ ሽብልቅ) ተይዟል። ያኔ የሚንሸራተተው የክሪኩ ራስ ነው። እኔ ላይ ደርሷል። የቪትዜን የፊት ወገን እያነሳሁ ሳለ ክሪኩ ሸሸና መኪናዋ ዘጭ ብላ ወረደች። ጎማው ገና ስላልወለቀ በተጣመመ ላሜራ ብቻ ተረፍኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ ባለ 4 ሚሊ ላሜራ ክሪኩ ሥር ሳላነጥፍ መኪና አላነሳም።

ሴራሚክ ሌላ ችግር አለው። የካቫሌቶ እግር ክብደቱን በቀጭን ጠርዝ ላይ ነው የሚጥለው። ሴራሚኩ ከሥሩ ባዶ ቦታ ካለው ይሰነጠቃል፣ ካቫሌቶውም ያዘነብላል። ወፍራም ጣውላ ከሥሩ አድርጉ።

ቦሌ፣ ገርጂ፣ ሰሚት ወይም ሲኤምሲ አካባቢ ከሆናችሁ ደግሞ ከወለሉ በታች ያለውንም አስቡ። ብዙው ቦታ ጥቁር አፈር ነው። ክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ላዩ ላይ የፈሰሰው ስስ ኮንክሪት አብሮት ከፍ ዝቅ ሲል ይፈነዳል። አዲስ ወለል የምታስፈስሱ ከሆነ ጥቁሩን አፈር አስወጡና በሰሌክት (በተመረጠ የመሙያ አፈር) ሙሉት፣ አስጠቅጥቁት፣ ድንጋይ አስነጥፉ፣ ከዚያ ፌሮ የገባበት ኮንክሪት ይፍሰስ። ዕቃውን የሚሸጥላችሁ ሰው ይህን አይነግራችሁም። እኔ ግን ካላችሁ ገንዘብ ትልቁን ድርሻ ወለሉ ላይ አውሉት እላለሁ። ጥሩ ወለል ላይ ተራ ክሪክ በደንብ ይሠራል።

ክሪክና ካቫሌቶ

ለአብዛኛው ሰው የምመርጠው ይህን ነው። ባለ 3 ቶን፣ ቁመቱ ዝቅ ያለ፣ ጎማ ያለው ክሪክ እና አራት ካቫሌቶ። ሁለት ሳይሆን አራት። በሁለት ካቫሌቶ ወይ ፊቱን ወይ ኋላውን ብቻ ነው የምታነሱት። በአራት ግን መኪናው አግድም ሆኖ ይቆማል፣ ከሥሩም እንደ ልብ ትንቀሳቀሳላችሁ።

ክሪክ ለማንሳት ነው፣ ለመያዝ አይደለም። መኪናውን ላይ የሚያቆየው በትንሽ ጎሚኒ የታፈነ ዘይት ነው። ጎሚኒው ያለቀ ቀን ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። በክሪክ ብቻ ከተነሳ መኪና ሥር ለአንድ ደቂቃም አትግቡ። የወለቀውን ጎማ ደግሞ ከመኪናው ጎን ሥር አስተኙት። ምንም ወጪ የለውም፣ ካቫሌቶው ቢከዳችሁ እሱ ይይዛል።

ካቫሌቶ ስትገዙ ሁለት ዓይነት ታያላችሁ። አንዱ በጥርስ የሚቆለፍ ነው፣ ሌላው ቀዳዳ ውስጥ በሚገባ ፒን። ባለ ጥርሱ ይፈጥናል። እኔ ግን ባለ ፒኑን እወዳለሁ፣ ምክንያቱም ፒኑ መግባቱ በዓይን ይታያል። በ2020 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሃርበር ፍሬይት የተባለው መሣሪያ ሻጭ የሸጣቸውን ባለ 3 እና ባለ 6 ቶን ካቫሌቶዎች መልሶ ለመሰብሰብ የተገደደው ጥርሱ በደንብ ሳይነክስ ሊለቅ ስለሚችል ነበር። ባለ ጥርስ ከገዛችሁ ሱቁ ውስጥ ከፍ ዝቅ አድርጋችሁ እያንዳንዱን ጥርስ ሞክሩት። የብየዳውን መስመር በጣታችሁ ዳስሱ። "3 ቶን" የሚለው ጽሑፍ ለአንዱ ይሁን ለጥንዱ ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ለጥንዱ ነው። ቪትዝ ወደ 1 ቶን ገደማ ስለምትመዝን አትጨነቁ። ሃይሉክስ ወይም ፕራዶ ያለው ሰው ግን ከዚያ ከፍ ያለውን ይግዛ።

ራምፓ

ስለ ራምፓ ብዙ የሚባል የለም። ዘይትና ፊልትሮ ለመቀየር ከሁሉም ይፈጥናል። መኪናውን ትነዱበታላችሁ፣ የእጅ ፍሬን ትይዛላችሁ፣ ታኮ ታደርጋላችሁ፣ ትገባላችሁ። ግን ጎማዎቹ ራምፓው ላይ ስለቆሙ አንዱንም ማውለቅ አይቻልም። ሲወጡ አንድ ሰው ከፊት ሆኖ ያሳያችሁ። ብየዳ ቤት ካሠራችሁ መጨረሻው ላይ ጎማውን የሚያቆም ከፍ ያለ ጠርዝ ይኑረው። ወንድሜ መጀመሪያ ያሠራው ያ ስላልነበረው ኮሮላው በወዲያኛው ጫፍ ልትወርድ ለጥቂት ነው የተረፈችው።

ጉድጓድ

ጉድጓድ የሚያምረው በወረቀት ላይ ነው። ወርዱ 80 ወይም 90 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር ከ60 አካባቢ፣ ርዝመቱ መኪናውን የሚያህል። ቆመህ ትሠራለህ። ዕቃው ሲሚንቶ፣ ብሎኬትና ጉልበት ስለሆነ ከሊፍት ይረክሳል።

ጎረቤቴ ያስቆፈረው ሚያዝያ ላይ ነበር። ግንቦትን በደስታ ሠራበት። ሐምሌ ላይ ሄጄ ሳየው ግማሹ ውኃ ነው። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፣ የሚበዛውም ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ውኃው ከላይ ብቻ አይደለም የመጣው። ከግድግዳው ይሰርግ ነበር። ጣሪያ አሠራ፣ አልጠቀመም። አሁን ክረምት ክረምቱን በፓምፕ ያወጣል ወይም ትቶት ይከርማል። ማስቆፈር ካለባችሁ ግድግዳውና ወለሉ ውኃ የማያስገባ ልስን ይኑረው፣ ጥጉ ላይ ውኃ የሚጠራቀምባት ትንሽ ጉድጓድ አድርጉ። ከአጥር ወይም ከቤት መሠረት አጠገብ ደግሞ ፈጽሞ አታስቆፍሩ።

ከውኃው የባሰው ግን የማይታየው ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል። ወደ ታች ይወርድና ጉድጓዱ ውስጥ ይተኛል። በወደቀ አምፖል ወይም በተላጠ ሽቦ ብልጭታ ይቀጣጠላል፣ መውጫው ደግሞ አንድ ደረጃ ብቻ ነው። የሞተር ጭስም እዚያው ይታፈናል። ጉድጓድ ላይ ሆኖ ሞተር ማስነሳት፣ ሰልባትዮ (የነዳጅ ታንከር) ማውረድ፣ የቤንዚን መስመር መፍታት አይሆንም። መብራቱ 220 ቮልት አይሁን፤ በባትሪ የሚሠራ 12 ቮልት ኤልኢዲ ይበቃል። ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነ ደግሞ ሥራ በሌለበት ሰዓት ሁሉ በወፍራም ጣውላ ይከደን።

እንዲህም ሆኖ ጎማው መሬት ላይ ነው። የፍሬን ሸራ፣ ኩሽኔታ፣ አሞርዛተር ለመቀየር ያው ክሪክ ትገዛላችሁ። ለዚህ ነው ጉድጓድን ከአራቱ መጨረሻ የማስቀምጠው። ልዩ ሁኔታ አለ፤ መሬቱ ተዳፋትና ድንጋያማ የሆነ፣ ውኃ በራሱ ቁልቁል የሚወጣበት ግቢ ያለው፣ ሚኒባስ ወይም አይሱዙ የሚጠግን ሰው ይጠቀምበታል።

ሊፍት

ባለ ሁለት ምሰሶው ሊፍት አንዴ ከለመዱት ከአእምሮ አይጠፋም። ጓደኛዬ ጋ የሃይሉክስ ካምቢዮ አውርደን ፍሪሲዮን ስንቀይር ቀጥ ብለን ቆመን ነው የሠራነው። እኔ መሬት ላይ ተኝቼ ያንን ሥራ ሁለት ቀን ፈጅቶብኝ ያውቃል።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን ሦስት ነገር ለኩ። አንደኛው ጣሪያ ነው። ሊፍቱ መኪናውን ወደ 1 ሜትር ከ80 ከፍ ያደርጋል። በዚያ ላይ የመኪናውን ቁመት ደምሩ። የቪላ ሥር ጋራዥ አብዛኛውን ጊዜ 3 ሜትር አይሞላም፣ ስለዚህ አይሆንም። ግቢ ውስጥ ከፍ ያለ የቆርቆሮ ጥላ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ወለል ነው። ምሰሶዎቹን የሚይዛቸው ኮንክሪት ውስጥ የገባ ቡሎን ብቻ ነው። ብዙ አምራቾች ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ጥሩ ኮንክሪት ይጠይቃሉ፣ ከዚያ የሚበልጥ የሚጠይቁም አሉ። እኔ ከ15 በታች አትውረዱ እላለሁ። የኮንክሪቱ ደረጃ ሲ-25 ይሁን፣ ፌሮ ይኑረው፣ 28 ቀን ውኃ እየጠጣ ይክረም። የድሮ ሊሾ ላይ ቡሎን መትቶ 2 ቶን ማንሳት ሕይወት ላይ መፍረድ ነው።

ሦስተኛው ኤሌክትሪክ ነው። ብዙዎቹ 2.2 ኪሎ ዋት ሞተር አላቸው። በ220 ቮልት የሚሠራም በ380 ሦስት ፌዝ የሚሠራም አለ። ስታዝዙ 220 ብላችሁ ለዩ። ካልሆነ ለሦስት ፌዝ ቆጣሪ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ደጃፍ መመላለስ ይመጣል። መብራት የሚጠፋበትንም ሰዓት አስቡ። መኪናው መቆለፊያው ላይ ካረፈ ለማውረድ መጀመሪያ ትንሽ ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል፣ ለዚያ ደግሞ ሞተሩ መነሳት አለበት። እኛ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት እስከ ማታ ሃይሉክሱን አንጋጠን ስናይ ቆይተናል።

መቀስ የሚመስለው አጭሩ ሊፍት መካከለኛ ምርጫ ነው። ወደ 1 ሜትር ገደማ ያነሳል፣ ጣሪያ አያስጨንቅም። ለጎማና ለፍሬን በጣም ያመቻል። ግን መሃሉን ራሱ ስለሚዘጋው ለካምቢዮና ለማርሚታ (ለጭስ ማውጫው) አይመችም።

ኤሌክትሪክ መኪና ካላችሁ

መንግሥት በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በየግቢው አይዲ 4 እና ቢዋይዲ በዝቷል። እነዚህ ላይ ስሌቱ ይለወጣል። የሞተር ዘይት የለም፣ ማርሚታ የለም፣ ስለዚህ ራምፓና ጉድጓድ ጥቅማቸው ይቀንሳል። የሚቀረው ጎማ ማዘዋወር፣ ፍሬንና ሳስፔንሽኑ (አሞርዛተርና የመሳሰለው) ነው፣ ያ ሁሉ ደግሞ ጎማ ማንሳት ይፈልጋል። የብዙዎቹ ክብደት ወደ 2 ቶን ይጠጋል ወይም ያልፋል። ሆዳቸው በሙሉ ባትሪ ነው። ክሪክ የሚገባው አምራቹ ጎን ላይ ምልክት ባደረገበት ቦታ ብቻ ነው፣ ከላዩም የጎማ ትራስ ይኑረው። ባትሪውን በክሪክ ራስ መግፋት መኪናውን ራሱን ማጥፋት ነው። ከፍተኛ ቮልት የሚያልፍበትን ብርቱካናማ ሽቦ ካያችሁ ደግሞ እጃችሁን ሰብስቡ።

እኔ ብሆን ምን እገዛለሁ?

ተከራይ ከሆናችሁ ክሪክ፣ አራት ካቫሌቶና ላሜራ። ስትለቁ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ። የራሳችሁ ግቢ ካለና በወር አንዴ ሁለቴ የምትሠሩ ከሆነ እነዚያኑ ግዙና የተረፈውን ገንዘብ 3 ሜትር በ6 ሜትር ጥሩ ኮንክሪት አድርጉት። ከጊዜ በኋላ ሊፍት ብታስቡ መሬቱ ዝግጁ ሆኖ ይጠብቃችኋል፤ ምሰሶዎቹ የሚያርፉበትን ቦታ ግን ከአሁኑ ወፍራም አስደርጉት፣ ወርዱም እስከ 4 ሜትር ይስፋ። የቤተሰብና የጎረቤት መኪና የምትሠሩ፣ በየሳምንቱ እጃችሁ ዘይት የሚነካ ከሆነ ሊፍቱ ይገባችኋል።

ዕቃውን ለማየት መርካቶና ተክለሃይማኖት ያሉ ሱቆችን በእግር ዙሩ። ያገለገለ ሊፍት ካገኛችሁ የብረት ገመዱ የተበጠሰ ክር እንዳለው በጨርቅ ዳስሱት፣ የሁለቱም ምሰሶ መቆለፊያ እኩል "ቀጭ" ሲል ስሙ። አንዱ ከዘገየ አትግዙት። ከክሪኩ ጋር አብራችሁ ቶርክ ሬንችም (የጥብቀቱን ልክ የሚያሳይ ቁልፍ) ግዙ። የብዙ ቶዮታ አውቶሞቢሎች የጎማ ዳዶ 103 ኒውተን ሜትር ነው የሚጠብቀው፣ በ21 ቁልፍ። በእግር ረግጦ ማጥበቅ ቡሎኑን ይስበዋል፣ በሚቀጥለው ጊዜም መንገድ ላይ አልፈታ ይላችኋል።