ማስጠንቀቂያ፦ «ድመት ሥሩልን፣ እኛ እንረከባችኋለን» የሚሉትን ሳጥን አትግዙ

ሀዋሳ ያላችሁ፣ በተለይ ሥራ ፍለጋ ላይ ያላችሁ እህቶችና ወንድሞች፣ ይህን ሳታነቡ ብር እንዳትልኩ።

ሰሞኑን በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚዞረውን ማስታወቂያ ሳታዩት አትቀሩም። ነጠላ ያጣፋች ድመት ጀበና ይዛ ቡና ትቀዳለች። ሌላዋ ባጃጅ ትነዳለች። ቅርጾቹ ጣት ጣት ያህላሉ፣ ያምራሉም። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «ሥልጠናና ሙሉ የዕቃ ሳጥን በ7,800 ብር። ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ ሥሩ። የሠራችሁትን በሙሉ፣ አንዱን በ400 ብር እንረከባችኋለን። ውጭ አገር የሚጠብቁ ገዢዎች አሉን።»

አትግዙ።

እኔ የድመት ቅርጻቅርጽና ሚኒያቸር (በጣም ትንንሽ ቅርጽ) እየሠራሁ እዚሁ ሀዋሳ የምሸጥ ሰው ነኝ። ዕቃው ምን እንደሆነ፣ አንዷን ድመት ለመጨረስ ምን ያህል ድካም እንዳለው፣ ማን እንደሚገዛ አውቃለሁ። ሳጥኑን የገዙ ልጆች «ምን አጥፍተን ነው የማይቀበሉን?» እያሉ ሥራቸውን በካርቶን ይዘው ወደ እኔ መምጣት ጀምረዋል። ሳጥኑንም ከፍቼ ዕቃውን አንድ በአንድ አይቼዋለሁ። ልጆቹ ምንም አላጠፉም። እነዚህ ሰዎች ድመት አይነግዱም። የሚሸጡት ሳጥን ነው፣ ገዢዎቻቸውም ልጆቹ ራሳቸው ናቸው።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንየው። «20 ድመት ስታስረክቡ 8,000 ብር ታገኛላችሁ፣ ያወጣችሁት በአንድ ዙር ይመለሳል» ይላሉ። ጥሩ ይመስላል። ከ20 በታች ግን አይረከቡም። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ክሌይ (ቅርጽ የሚሠራበት ጭቃ) ደግሞ 500 ግራም ነው። በእነሱ ፎርማ (የቅርጽ ማውጫ) የምትወጣው አንዷ ድመት ወደ 50 ግራም ትበላለች። ይህ ማለት ከሳጥኑ የሚወጣው 10 ድመት ነው፣ ያውም አንዷም ሳትበላሽ። የቀረውን 10 ለመሥራት ክሌይ መግዛት አለባችሁ። ከየትም እንዳትገዙ ውላቸው ይከለክላል። «የራሳችን ክሌይ ካልሆነ አንቀበልም» የሚል አንቀጽ አለው። ከእነሱ ስትገዙ ደግሞ ሌላ ክፍያ ነው። እንግዲህ ገና አንዲት ድመት ሳትሸጡ ሁለተኛ ጊዜ ከፈላችሁ ማለት ነው።

ክሌዩ ራሱ ያናድዳል። ወረቀቱ «ፖሊመር ክሌይ፣ በምድጃ የሚጠበስ» ይላል። በላስቲክ የተጠቀለለው ነጭ ጭቃ ግን ምንም ምልክት የለውም። ትንሽ ቆንጥሬ ውሃ ውስጥ ጣልኩት፤ ልስልስ ብሎ ሟሟ። ሌላውን ቁራሽ ጠረጴዛ ላይ አሳደርኩት፤ ጠዋት ደርቆ ጠበቀኝ። ፖሊመር ክሌይ እንዲህ አይሆንም። እሱ የፕላስቲክ ዘር ነው፣ ከፒቪሲ ነው የሚሠራው። ውሃ አያሟሟውም፣ በአየርም አይደርቅም፤ እንደ ዓይነቱ ከ110 እስከ 135 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ኦቨን ውስጥ ካልገባ እንደለሰለሰ ይቆያል። ሳጥኑ ውስጥ ያለው በአየር የሚደርቀው ርካሹ ዓይነት ነው። ርካሽ መሆኑ በራሱ ነውር የለውም፣ እኔም ለአንዳንድ ሥራ እጠቀምበታለሁ። ነውሩ በሌላ ስም መሸጡ ነው።

ይህ የስም ማጭበርበር ልጆቹን እንዴት እንደሚጎዳ ጅራቷን አይታችሁ ትረዳላችሁ። ወረቀቱ «ጅራቱ እንዳይሰበር ውስጡ ቀጭን ሽቦ አስገቡ» ይላል። በአየር የሚደርቅ ክሌይ ውሃው ሲተንለት ይሸበሸባል፣ መጠኑ ይቀንሳል። ሽቦው ግን አይቀንስም። ስለዚህ ጭቃው ሽቦው ላይ እየጠበበ ይሄድና ጅራቷ ከሥሯ፣ ከዳሌዋ ጋር በምትገናኝበት ቦታ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ይወጣል። መጀመሪያ አይታይም። ቀለም ሲቀባ ቀለሙን ይጠጣና ጥቁር መስመር ሆኖ ብቅ ይላል። ካመጡልኝ ድመቶች አብዛኞቹ የተሰነጠቁት እዚያው ቦታ ላይ ነው። የተለያዩ እጆች የሠሯቸው ድመቶች በአንድ ቦታ ከተሰነጠቁ ችግሩ የመመሪያው ነው። ደግሞ ያልተቀበሏቸው በምን ምክንያት እንደሆነ ታውቃላችሁ? «ጅራቱ ላይ ስንጥቅ አለ።»

እዚህ ላይ ስለ ጤናም ልናገር። ኦቨን የሌላቸው ልጆች «በምድጃ የሚጠበስ» የሚለውን አምነው ምጣድ ላይ ያስቀመጡት አሉ። በአየር የሚደርቀው እንዲህ ባንዴ ሲሞቅ ሊፈነዳ ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል። ነገር ግን እውነተኛ ፖሊመር ክሌይ አግኝታችሁ ምጣድ ወይም ከሰል ላይ እንዳታስቀምጡ። ከልክ በላይ ሲሞቅ ያርርና ሳንባና ዓይን የሚለበልብ ጋዝ ያወጣል። ጠባብ ኪራይ ቤት ውስጥ ሕፃን አስተኝታ የምትሠራ እናት አስቡ። ሙቀቱን የምትቆጣጠሩበት ኦቨን ከሌላችሁ ይቅር።

አሁን ወደ «ውጭ አገር ገዢዎች» እንምጣ። ድመት የሚወድ ሰው በዓለም ላይ መብዛቱ እውነት ነው። እንግሊዛዊው ሰዓሊ ሉዊስ ዌይን (1860–1939 እ.ኤ.አ.) ሻይ የሚጠጡ፣ ካርታ የሚጫወቱ ድመቶችን እየሳለ በዘመኑ እጅግ ዝነኛ ሆኗል። ዛሬም ትንንሽ የድመት ቅርጽ የሚሰበስቡ ብዙ ናቸው። እነዚህ ሰዎች ይህችን እውነት ወስደው ነው ውሸታቸውን የሚያለብሱባት። ሳጥኑን በደንብ ያየ ሰው ግን ከጀርባው ማንም ገዢ እንደሌለ ይገባዋል።

ሁለት ነገር ላሳያችሁ። የመጀመሪያው ልኬቱ ነው። ወረቀቱ «ለአሻንጉሊት ቤት ሰብሳቢዎች፣ 1 ለ12» ይላል። በጣም የተለመደው የአሻንጉሊት ቤት ልኬት ይኸው ነው፣ ሁሉም ነገር ከእውነተኛው 12 ጊዜ ያንሳል። ትከሻዋ ከመሬት 25 ሳንቲሜትር ገደማ የሆነች ድመት በዚህ ልኬት 2 ሳንቲሜትር ገደማ መሆን አለባት። ከፎርማቸው የምትወጣው ቋሚ ድመት ግን ትከሻዋ 6 ሳንቲሜትር ነው። በ12 ስታባዙት 72 ሳንቲሜትር ይመጣል። ይህ የትልቅ ውሻ ቁመት ነው! የአሻንጉሊት ቤት ያለው ሰው እንዲህ ያለችውን ድመት የት ያስቀምጣታል? ሶፋው ላይ አትገባም።

ሁለተኛው ደግሞ «አቢሲኒያን ድመት፣ በፈረንጆች በጣም የምትፈለግ፣ የአገራችን ስም ያላት» ብለው የሰጡት የቀለም ናሙና ነው። ናሙናው ላይ ያለችው ድመት ጎኗ ላይ ከአንገት እስከ ጅራት ጥቁር መስመር ተሰምሮባታል። አቢሲኒያን የሚባለው ዝርያ ግን ጎኑ ላይ እንዲህ ያለ መስመር የለውም። መለያው እያንዳንዱ ፀጉር ራሱ ደማቅና ፈዛዛ ቀለም እየተፈራረቀበት መሆኑ ነው፣ ከሩቅ ሲታይ እንደ ጥንቸል ፀጉር ሞቅ ያለ ቡናማ ይመስላል። ይህን የድመት ወዳጅ ሁሉ ባንዴ ይለየዋል። እውነተኛ ገዢ ቢኖር ኖሮ ገና የመጀመሪያውን ናሙና ሲያይ «ይህ አቢሲኒያን አይደለም» ብሎ ይመልሰው ነበር። ማንም አላረመውም፣ ምክንያቱም የሚያየው ገዢ የለም። ላም አለኝ በሰማይ ነው።

አንዷ ልጅ ያሳየችኝ መልዕክት አሁንም ያበሽቀኛል። ድመቶቿን አስረክባ ስታበቃ «ጢማቸው እኩል አይደለም፣ ጥራት ክፍላችን አልተቀበለውም» አሏት። ጢሙን ከስቴኪኒ ባልበለጠ ቀጭን ብሩሽ አንድ በአንድ ሥላዋለች። እኔ አይቼዋለሁ፣ ለጀማሪ እጅ ግሩም ሥራ ነው። «እሺ፣ ምን ላስተካክል?» ስትላቸው «ሁለተኛ ደረጃ ሥልጠና አለን፣ 3,500 ብር ብቻ ነው የኔ ቆንጆ» አሏት። ድመቶቿንም አልመለሱላትም። ትንሽ ቆይታ ከድመቶቿ አንዷን በቻናላቸው ላይ «የተማሪዎቻችን ሥራ» ተብላ አየቻት። ለጥራት የማትበቃው ድመት ለማስታወቂያ በቃች።

እሱም አልበቃ ብሎ «ሦስት ጓደኛ አምጪና የከፈልሽው ይመለስልሻል» ይላሉ። ከሁሉም የሚከፋው ይኸኛው ነው። ገንዘቧን ያጣች ልጅ እህቷን፣ የዶርም ጓደኛዋን፣ የጎረቤት ልጅ ታስገባለች። ነገሩ ሲፈርስ ብር ብቻ ሳይሆን ዝምድናም ይፈርሳል። ይህ በሕግም ክልክል ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006፣ ዕቃ የገዛ ሰው ሌሎች ገዢዎችን ባስገባ ቁጥር ጥቅም ያገኛል የሚል የፒራሚድ ሽያጭን ይከለክላል። በሌላው ዓለምም አዲስ ነገር አይደለም። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን «ቤትህ ቁጭ ብለህ ሥራልን፣ እንገዛሃለን» እያሉ የዕቃ ሳጥን የሚሸጡትን ሰዎች እንዲጠነቀቁ ሲያሳስብ ኖሯል። አካሄዱ ያው ነው፦ በመጨረሻ «ጥራቱ አልመጣም» ይባላል።

ሙያውን ግን አትጥሉት፣ ይህን ከልቤ ነው የምለው። ሀዋሳ ላይ የድመት ቅርጽ ይሸጣል። አሞራ ገደል (ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ) ሄዶ ዓሣ ሲበለት ዙሪያውን የሚያንዣብቡትን ድመቶች ያየ እንግዳ፣ ቆሮሶ ዓሣ የነከሰች ትንሽ ድመት ሲያገኝ ፈገግ ብሎ ነው የሚገዛው። በሐምሌና በታህሳስ ገብርኤል፣ በፍቼ ጫምባላላ (የሲዳማ ዘመን መለወጫ) ሰሞን፣ ሐይቁ ዳር ሰው ሲበዛ ገበያው ይነቃል። የሚገዛው ግን አንድ ወይም ሁለት ነው፣ ያውም ተከራክሮ። 20 ድመት ባንዴ የሚወስድ ሰው በየቀኑ አይመጣም። ደግሞ መሥራቱ ግማሹ ብቻ ነው። ማድረቅ አለ፣ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ አለ፣ ቀለም፣ ቫርኒሽ፣ ከዚያ ፎቶ ማንሳትና ደንበኛ መፈለግ አለ። ይህን ሁሉ ሳይነግር «የሠራችሁትን በሙሉ እንረከባለን» የሚል ሰው ሥራውን አያውቀውም፣ ወይም እያወቀ ይዋሻል። መሞከር የፈለገ በትንሹ ይጀምር። አንድ እሽግ ክሌይ፣ ሦስት አክሪሊክ ቀለም፣ አንድ ቀጭን ብሩሽ ይበቃል። ለጅራቷ ደግሞ ሽቦውን ተዉት፣ ጅራቷን ሰውነቷ ላይ ጠቅልላችሁ ለጥፏት፤ አትሰነጠቅም፣ አትሰበርምም።

ይህን የመሰለ ማስታወቂያ በሌላ ስም ቢመጣባችሁ፣ ድመት ሳይሆን ሻማ ወይም ሳሙና ቢሉም፣ ብር ሳትልኩ የንግድ ፈቃድ ቁጥራቸውን ጠይቁ። ቁጥሩን በንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር የኢ-ትሬድ ድረ ገጽ ላይ ራሳችሁ ማየት ትችላላችሁ። ከዚያ «የምትቀበሉት ድመት እንዴት ያለ ነው? ናሙናውን ስጡኝ፣ ልኬቱንና የምትቀበሉበትን መስፈርት ውሉ ላይ ጻፉት» በሏቸው። እስከ ዛሬ ያየሁት ውል «ጥራቱ በድርጅቱ ሲታመንበት» ከሚል ቃል ሌላ ምንም መስፈርት የለውም። ያ ማለት በፈለጉ ጊዜ «አይ» ማለት ይችላሉ። ገንዘቡ በድርጅት ስም ሳይሆን በግለሰብ ቴሌብር ይላክ ካሉ እዚያው አቁሙ። ደረሰኝ አንሰጥም ካሉም እንዲሁ።

ከፍላችሁ ከሆነ ደግሞ አትፍሩ፣ አትሸማቀቁም። ያው አዋጅ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሻጩን መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። «ፖሊመር» ብሎ ሌላ ክሌይ የሸጠ ሰው ዕቃው ጉድለት የለውም ሊል አይችልም። የቴሌብር መልዕክቱን፣ የማስታወቂያውን ስክሪንሾት፣ ያናገሯችሁን በሙሉ አስቀምጡ። ቻናሉን ዘግተው ሊጠፉ ስለሚችሉ ዛሬውኑ ስክሪንሾት አንሱ። ከክሌዩ ትንሽ ሳትነኩ ከነላስቲኩ አቆዩት፣ ውሃ ውስጥ ጥላችሁ የምታሳዩት ማስረጃ እሱ ነው። ጥያቄያችሁን በጽሑፍ ላኩላቸው፣ ከዚያ ወደ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤትና ወደ ፖሊስ ሂዱ። ብቻችሁን አትሂዱ፣ ሳጥኑን የገዙ ሌሎችን ፈልጋችሁ አብራችሁ ሂዱ። ስለ ክሌዩና ስለ ልኬቱ የሚያስረዳ ሰው ካስፈለጋችሁ እኔ አብሬያችሁ እመጣለሁ።