የዩ ቱ «360 ዲግሪ» ኮንሰርት፦ ለባሕር ዳር ስታዲየም የሚበጀውና የማይበጀው

የአየርላንዱ ሮክ ባንድ ዩ ቱ እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2011 ዓለምን ያዞረው «360 ዲግሪ» የተባለ የስታዲየም ኮንሰርት ለመድረክና ለሳውንድ ባለሙያ ዛሬም ትልቅ ትምህርት ቤት ነው። ጁን 30 ቀን 2009 ባርሴሎና ካምፕ ኑ ላይ ተጀምሮ ጁላይ 30 ቀን 2011 ካናዳ ሞንክተን ላይ እስኪጠናቀቅ 110 ጊዜ ቀርቧል። ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው አይቶታል፤ ገቢው 736 ሚሊዮን ዶላር ደርሶ እስከ 2019 ድረስ ማንም አልደረሰበትም። እኛን ግን ከገንዘቡ ይልቅ የሚያስደንቀን መድረኩ የቆመበት ቦታና ያንን ለማድረግ የተፈታው ችግር ነው።

ኮንሰርቱን ለማየት የሚሻለው ኦክቶበር 25 ቀን 2009 ካሊፎርኒያ ፓሳዴና፣ ሮዝ ቦውል ስታዲየም ውስጥ የተቀረጸው ነው። የዚያን ዕለት ከ97 ሺህ በላይ ተመልካች ነበር፤ በዩቲዩብም በቀጥታ ተላልፏል፤ በዓመቱ ደግሞ በዲቪዲና በብሉ ሬይ ወጣ። አንድ ነገር ግን ልብ ይባል፦ በዲስኩ ላይ የምንሰማው ድምፅ እያንዳንዱ መሣሪያ ለብቻው ተቀድቶ ስቱዲዮ ውስጥ እንደገና የተቀናበረ ነው። ስለዚህ «ስታዲየሙ ውስጥ እንዲህ ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር» ብሎ መፍረድ አይቻልም። ስለ መድረኩ፣ ስለ መብራቱና ስለ ሰዉ አቀማመጥ ግን ከላይ የተነሱት ምስሎች ብዙ ይናገራሉ።

የባንዱ ስም ለአማራ ክልል ሰው ጨርሶ ባዕድ አይደለም። ድምፃዊው ቦኖ በ1985 (እ.ኤ.አ.) ከባለቤቱ ጋር ወሎ፣ አጅባር የርዳታ ጣቢያ መጥቶ ሳምንታት አገልግሏል።

ወደ ሥራው እንግባ። ስታዲየም ላይ ኮንሰርት ሲዘጋጅ የተለመደው መድረኩን በአንዱ ጎል በኩል መትከል ነው። ከጀርባው ያለው መቀመጫ በሙሉ ባዶ ይቀራል፤ በተቃራኒው ጫፍ የተቀመጠው ተመልካች ደግሞ ዘፋኙን የሚያየው የክብሪት እንጨት አክሎ ነው። ባሕር ዳር ስታዲየም ላይ ችግሩ ይብሳል፤ በሜዳውና በመቀመጫው መካከል የአትሌቲክስ መሮጫ አለ። መድረኩ ጎል መስመር ላይ ቢቆም እስከ ተቃራኒው ጥምዝ ድረስ 140 ሜትር ያህል ይሆናል። መሃል ሜዳ ላይ ቢቆም ግን ሩቅ የሚባለው ሰው 90 ሜትር ላይ ነው።

ይህ ልዩነት ለድምፅ ምን ማለት ነው? ከስፒከር ያለው ርቀት በግማሽ ሲቀንስ ድምፁ በ6 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ይጨምራል፤ ያንኑ 6 ዴሲቤል በአምፕሊፋየር እናምጣ ካልን አራት እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። ከ140 ወደ 90 ሜትር መቅረብ ብቻውን ወደ 4 ዴሲቤል ያስገኛል፤ ይህ ደግሞ አምፕሊፋየሩን ከሁለት እጥፍ በላይ ከማሳደግ ጋር እኩል ነው። ጊዜውም ያጥራል። 140 ሜትር ላይ ያለው ሰው የከበሮውን ምት በዐይኑ ካየ 0.4 ሴኮንድ ቆይቶ ነው የሚሰማው፤ 90 ሜትር ላይ መዘግየቱ ወደ 0.26 ይወርዳል። ዩ ቱዎች መድረካቸውን ብዙ ጊዜ ከመሃል ወደ አንዱ ጫፍ ጠጋ አድርገው ነው የተከሉት፤ ሰዉ ግን ዙሪያውን ይከበዋል። በዚህ ዘዴ የስታዲየሙ የመያዝ አቅም እስከ 20 በመቶ እንደሚጨምር ተናግረዋል። ባሕር ዳር ላይ ግን በመሮጫው ምክንያት መሃሉን እንመርጣለን።

መድረክን በሰው መሃል ማቆም ቀላል ይመስላል። ችግሩ ስፒከሩ፣ መብራቱና ስክሪኑ በምን ላይ ይሰቀላል የሚለው ነው። በአራቱም ማዕዘን ስካፎልዲንግ (የብረት ማማ) ከቆመ ምሰሶው የአንዱን ወገን ዕይታ ይጋርዳል። የመድረኩ ንድፍ አውጪዎች ዊሊ ዊሊያምስና አርክቴክቱ ማርክ ፊሸር ለዚህ ያመጡት መፍትሔ 50 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ባለ አራት እግር ብረት ነው። እግሮቹ ከመድረኩ ርቀው ይተከላሉ፤ ሁሉም ዕቃ ከላይ ይንጠለጠላል። መሸከም የሚችለው እስከ 200 ቶን ነው። ከመድረኩ በላይ የተሰቀለው ክብ ስክሪን ብቻውን 54 ቶን ይመዝናል፤ እንደ መቀስ በሚዘረጋ ብረት ወደ ታች ይለጠጣል፣ ይሰበሰባል። ከእያንዳንዱ እግር በኩል የተሰቀለው ስፒከር የየራሱን ወገን ይሸፍናል።

ይህን ብረት እዚህ መሥራት አያስፈልግም፤ መርሁን መውሰድ ግን ይቻላል። እኛ ዘንድ መድረክ መሃል ሲደረግ በብዛት የሚታየው ስህተት ስፒከሮቹን በአራቱ ማዕዘን መሬት ላይ መደርደር ነው። ከፊት የቆመው ሰው ጆሮው ይደነቁራል፣ ከኋላ ያለው አይሰማም፣ ክምሩም ዕይታ ይዘጋል። ስፒከሩ 7 ወይም 8 ሜትር ከፍ ብሎ ከተሰቀለና አፉ ወደ ታች ትንሽ ካዘነበለ በፊተኛውና በኋለኛው ተመልካች መካከል ያለው የርቀት ልዩነት ይጠባል፤ ድምፁም ይመጣጠናል።

በዲስኩ ላይ ደጋግመው እንዲያዩት የምንመክረው ከበሮ መቺው ላሪ ሙለን ትልቁን ድራም ትቶ የእጅ ከበሮ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ በመድረኩ ዙሪያ ባለው ክብ መተላለፊያ ላይ የሚሄድበትን ክፍል ነው። ወደ ክቡ የሚያሻግረው ተንቀሳቃሽ ድልድይ ነው። ከባልደረቦቹ 15 ወይም 20 ሜትር ርቆም ምቱ አይዛነፍም። ምክንያቱ ጆሮው ውስጥ ያለው ኢን ኢር ሞኒተር፣ የባልደረቦቹን ድምፅ ሳይዘገይ የሚያሰማው ትንሽ ማዳመጫ ነው። በአየር የሚመጣውን ድምፅ ተከትሎ ቢመታ 20 ሜትር ላይ ወደ 60 ሚሊ ሴኮንድ ይዘገይ ነበር፤ በፈጣን ዘፈን ላይ ይህ ምት ለመሳት ይበቃል። የእኛ ዘፋኞች ማይክ ይዘው ወደ ሕዝቡ ሲወርዱ የሚደርሰውም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው፤ ከስፒከሩ ፊት ያልፋሉ፣ ማይኩ የስፒከሩን ድምፅ መልሶ ይይዛል፣ ያፏጫል። በክብ መድረክ ላይ ደግሞ ዘፋኙ በየትም ቢዞር ከአንዱ ስፒከር ፊት ነው። ስለዚህ ስፒከሩን ከፍ ማድረግ፣ መሬት ላይ የሚቀመጠውን ሞኒተር (ሙዚቀኞቹ ራሳቸውን የሚሰሙበትን ስፒከር) ቀንሶ ቢያንስ ለዘፋኙና ለከበሮ መቺው ኢን ኢር መስጠት ግድ ነው። ለማሲንቆና ለክራር ከፊት ከሚቆም ማይክ ይልቅ ገላው ላይ የሚለጠፈው ይሻላል።

መድረኩ ጎል በኩል እንዲሆን ከተወሰነ ደግሞ ዲሌይ ስፒከር፣ ማለትም ከመድረኩ ርቆ የሚቆምና ድምፁ ከመድረኩ ከሚመጣው ጋር እንዲገጥም ሆን ተብሎ የሚዘገይ ስፒከር ያስፈልጋል፤ ባሕር ዳር ላይ ብዙ ጊዜ የሚበላሸውም እዚህ ነው። ከመድረኩ 60 ሜትር ላይ ለሚቆም ስፒከር አየሩ 28 ዲግሪ ሲሆን 172 ሚሊ ሴኮንድ፣ ሌሊት 18 ዲግሪ ሲሆን 175 ሚሊ ሴኮንድ መዘግየት ይሞላል። በዚያ ላይ 10 ወይም 15 ሚሊ ሴኮንድ ሲጨመር ጆሮ ድምፁን ከመድረኩ እንደመጣ አድርጎ ይቀበለዋል። ሳይሞላ ከቀረ እያንዳንዱ ቃል ሁለት ጊዜ ይሰማል። ከፍታችን 1,800 ሜትር መሆኑ የድምፅን ፍጥነት አይለውጠውም፤ የሚለውጠው ሙቀቱ ነው።

ሳውንድ ቼክ ከቀኑ 10 ሰዓት ተደርጎ ዝግጅቱ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲጀመር «ቅድም ጥሩ ነበር፣ አሁን ምን ሆነ?» የሚባለውም በዚሁ ነው። ከሰዓት በኋላ መሬቱ ግሎ ስለሚውል ድምፅ ወደ ላይ ይታጠፋል፤ ከጣና የሚነፍሰው ነፋስም ከስፒከሩ ፊት ለፊት ከመጣ ይብስበታል፣ ድምፁ ከኋለኞቹ ራስ በላይ ያልፋል። ፀሐይ ስትጠልቅ መሬቱ ይቀዘቅዛል፣ ድምፁ ወደ መሬት ይመለሳል፣ ሩቅ ይሄዳል። ሰዉ ሲሞላም ልብሱና ገላው ቀጭኑን ድምፅ ይውጠዋል። ሳውንድ ማኑ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ዘፈኖች በኋላ ከሚክሰሩ ተነስቶ እስከ መጨረሻው መቀመጫ በእግሩ ካልዞረ ይህን ሊያውቅ አይችልም።

ስክሪን ላይ የነፋስ ነገር ቀልድ አይደለም፤ በተለይ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ከዝናብ በፊት በድንገት የሚነሳው። 6 በ4 ሜትር የሆነ ስክሪን በሴኮንድ 15 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ሲያገኘው ወደ 300 ኪሎ የሚደርስ ክብደት እንደገፋው ይቆጠራል። የስክሪኑ መሃል 5 ሜትር ከፍታ ላይ ሆኖ የማቆሚያው እግር ወደ ፊትም ወደ ኋላም 2 ሜትር ከተዘረጋ እንዳይወድቅ ብቻ 750 ኪሎ ማመዛዘኛ ይጠይቃል። እጥፍ አድርጎ ሁለት ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ ውኃ ሞልቶ ከብረቱ ጋር በገመድ ማሰር ለዚህ ነፋስ በቂ ነው። ግማሽ የተሞላ ሮቶ ውኃው ስለሚንቀሳቀስ አይታመንም። ለቤት ውስጥ የተሠራ ስክሪን ደግሞ በሐይቁ ዳር አይሰቀል፤ ሌሊት ጤዛ ሲገባበት ፓነሉ እየጠፋ ይሄዳል።

ጄኔሬተር ሲከራዩ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ቁጥር እንዳለ አይውሰዱት። ተርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በእኛ ከፍታ ከ15 እስከ 20 በመቶ ጉልበቱን ያጣል፤ 100 ኪሎ ቮልት አምፔር የሚለውን 80 ብለው ያስሉ። ለሳውንድ አንድ፣ ለመብራትና ለስክሪን ሌላ ይሁን። አንድ ላይ ከሆኑ የመብራቱ ጣጣ በስፒከሩ ውስጥ «ም...ም...» እያለ ያድራል። ኧርዝ (የመሬት ሽቦ) ሳይቀበር ምንም አይለኮስ።

የ«360 ዲግሪ» ድካሙስ? ወጪው። ብረቱ ሦስት ጊዜ ነው የተሠራው፤ በአንዱ ሲዘፈን ሁለተኛው በሚቀጥለው ከተማ ይተከላል፣ ሦስተኛው ይፈርሳል። ከ100 የሚበልጥ የጭነት መኪና ይከተለዋል። ባንዱ ቢጫወትም ባይጫወትም የቀን ወጪው ወደ 750 ሺህ ዶላር ይጠጋ ነበር። በ2010 ቦኖ ጀርባውን ታሞ ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት የሰሜን አሜሪካው ዙር ወደ ቀጣዩ ዓመት መተላለፉ ምን ያህል እንደጎዳ መገመት አያዳግትም። ለአካባቢ ብክለቱም ተወቅሷል፤ ወቀሳው ተገቢ ነው እንላለን። በአንጻሩ በየስታዲየሙ ቢያንስ 10 ሺህ ትኬት በ30 ዶላር አካባቢ መሸጡ፣ ለመድረኩ ቅርብ የሆነውም ቦታ ቀድሞ ለደረሰ የቆመ ተመልካች መተዉ ሊመሰገን ይገባዋል። እኛ ዘንድ ከመድረኩ ፊት ያለው ቦታ ለቪአይፒ ወንበር ተይዞ፣ የሚጨፍረው ወጣት ከአጥር ኋላ ሲቆም ዘፋኙም ይቀዘቅዛል።

ሌላው ጎረቤት ነው። በ2009 ደብሊን ክሮክ ፓርክ ላይ መድረኩን ሌሊቱን በሙሉ ማፍረስ ሲጀመር የሠፈሩ ሰዎች ተቃውመው መኪኖቹን አገዱ፤ ዕቃው ወደ ቀጣዩ ከተማ ስዊድን ዘግይቶ ሄደ። ባሕር ዳር ላይ የሐይቁ ዳርቻ ሆቴሎች ግቢ ውስጥ ዝግጅት የሚያደርጉ ይህን ያስቡበት። ሌሊት ውኃው ላይ ያለው አየር ስለሚቀዘቅዝ ባሱ ርቆ ይሻገራል፤ ደብረ ማርያምና ክብራን ገብርኤል ያሉ መነኮሳት ለሰዓታትና ለማኅሌት የሚቆሙበት ሰዓት ነው። ስፒከሩ ጀርባውን ለሐይቁ ይስጥ፤ ከየሦስቱ ባስ ሣጥን አንዱ ወደ ኋላ ዞሮ ፖላሪቲው (የሞገዱ አቅጣጫ) ተገልብጦ በሣጥኑ ጥልቀት ልክ ዲሌይ ይደረግበት። ወደ ሐይቁ የሚሄደው ባስ በብዙ ይቀንሳል፣ ከፊት ያለው ጨፋሪ ብዙም አይጎድልበትም። ይህ ተጨማሪ ኪራይ አያስወጣም፤ ያሉትን ሣጥኖች ማዞርና ሚክሰሩ ላይ ጥቂት ደቂቃ መሥራት ብቻ ነው።