ለአሮጌ ሲጂ 125 የተገዛ የፍሪሲዮን ሸራ፦ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ከሠራ በኋላ

ፍሪሲዮን ሞተሩን ከማርሹ የሚያገናኘውና የሚለየው ክፍል ነው፤ ሸራው ደግሞ በሰበቃ የሚይዘው ቀለበት። ሸራው ገንዘቡን ያወጣል፤ አብሮት የመጣው ሞላ ግን ባይገባ ይሻላል። ስብስቡ 5 ሸራ፣ 4 የብረት ዲስክ፣ 4 ሞላና አንድ የወረቀት ጓርኒሲዮን (ክዳኑ ዘይት እንዳያፈስ በመሃል የሚገባ ማሸጊያ) የያዘ ነው። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ በላስቲክ ታሽጎ ከሚሸጠው፣ ስም ከሌለው ዓይነት ነው። የገባበት ሞተር ደግሞ ሆንዳ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ያወጣው፣ ቻይናዎች እየቀዱ ያበዙት ሲጂ 125 ሞተር ሳይክል ነው።

ከመግዛት በፊት ግን በነፃ የሚታዩ ነገሮች አሉ። በላይኛው ማርሽ ዳገት ላይ ጋዝ ሙሉ ሲሰጥ ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። ይህ ብቻውን ሸራ ማለቁን አያሳይም። መጀመሪያ ካቮው ይታይ። የሌቫው ጫፍ ከ10 እስከ 20 ሚሊሜትር ባዶውን መሄድ አለበት። በዚህ ሞተር ሸራው በሳሳ ቁጥር ያ ባዶ ጉዞ እያነሰ ይሄዳል፤ ጨርሶ ሲጠፋ ሌቫው ሳይነካም በግማሽ የተያዘ ያህል ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። ብዙ ሰው «ላልቷል» ብሎ ካቮውን ያጠብቅና ችግሩን ያባብሰዋል። መደረግ ያለበት ተቃራኒው ነው፤ ማላላት።

ቀጥሎ ዘይቱ። ሞተሩ፣ ማርሹና ፍሪሲዮኑ የሚጋሩት አንድ ዘይት ነው። ለቤት መኪና የሚሠሩት ቀጫጭን ነዳጅ ቆጣቢ ዘይቶች ሰበቃ የሚቀንስ ቅመም ስላለባቸው አዲስ ሸራ እንኳ ሊያንሸራትቱ ይችላሉ። ጣሳው ላይ «ጃሶ ኤምኤ» (JASO MA) ወይም «ኤምኤ 2» (MA2) የሚለው የሞተር ሳይክል ዘይት ደረጃ ይፈለግ፤ «ኤምቢ» (MB) የሚለው ፍሪሲዮናቸው ዘይት ውስጥ ለማይገባ ስኩተሮች ነው። ዘይት ላይ የሚጨመር «የሞተር መድኃኒት» እዚህ ሞተር ውስጥ ቦታ የለውም።

ካቮው ተስተካክሎ፣ ዘይቱ ተቀይሮም ከተንሸራተተ መክፈት ነው። ዘይቱ ሞቅ እንዳለ ይፈሳል፣ የማስነሻው እግር ይወልቃል፣ የቀኝ ክዳኑ ይከፈታል። ሞላዎቹን የያዙት 4 ቡሎኖች እያፈራረቁ ጥቂት ጥቂት ይፈቱ፤ አንዱን ብቻ ጨርሶ መፍታት ቡሎኖቹ የያዙትን ሳህን አጣምሞ ቡሎኑ የሚታሰርበትን የአሉሚኒየም እግር ይሰብራል። በሲጂ ላይ ሸራዎቹን የሚጨቁነው ሳህን ከኋላ ስለሆነ ሸራው ብቻውን ከፊት አይወጣም፤ መሃሉን የያዘው ቀለበት በፒንሳ ወጥቶ ማዕከሉ (ሸራዎቹ የተደረደሩበት እምብርት) ከነሸራው በአንድ ላይ ይሳባል።

መለኪያ እዚህ ጋ ይግባ። አዲስ ሸራ ከ2.9 እስከ 3 ሚሊሜትር ውፍረት አለው፤ 2.6 ከደረሰ አብቅቷል። የዚህ ስብስብ አምስቱም ሸራዎች 2.9 ገብተዋል፣ እርስ በርስም እኩል ናቸው። የብረት ዲስኮቹ በመስታወት ላይ ተጋድመው 0.2 ሚሊሜትር ስስ መለኪያ ከሥራቸው ካለፈ ጠመዋል ማለት ነው። ሰማያዊ የሆነ ዲስክም የተቃጠለ ነውና ይጣል። የደወሉ (ሸራዎቹን ከውጭ የያዘው ክብ ቤት) ጥርሶች ላይ ሸራው የቆፈረው ጉድጓድ ካለ በሞረድ ቀስ ብሎ ማለስለስ ይቻላል፤ ጥልቅ ከሆነ ግን መሞረዱ ክፍተት ይጨምራል እንጂ አያድንም፣ ደወሉ ራሱ ይቀየር።

ሞላዎቹ ናቸው ያሳፈሩት። ጎን ለጎን ሲቆሙ አንዱ ከሌሎቹ ከ1 ሚሊሜትር በላይ አጥሯል። እኩል ያልሆነ ሞላ ሳህኑን ወደ አንድ ጎን ያዘነብለዋል፤ አንዱ ጎን ሲንሸራተት ሌላው ሲይዝ ማርሽ ይከብዳል። ስለዚህ ከሌላ ሱቅ አራት እኩል ሞላ ተገዝቶ ገባ። ሸራ ቀይሮ አሮጌ ሞላ መመለስም ያው ኪሳራ ነው፤ የደከመ ሞላ አዲስ ሸራ አይጨብጥም።

ሸራዎቹ ንጹሕ የሞተር ዘይት ውስጥ ቢያድሩ ጥሩ ነው፤ ደርቆ የገባ ሸራ በመጀመሪያው መነሻ ሊቃጠል ይችላል። አደራደሩ በሸራ ተጀምሮ በሸራ ያልቃል፣ ብረቶቹ በመሃል በመሃል ይገባሉ። ቡሎኖቹ በመስቀል ቅርጽ እስከ 10 ወይም 12 ኒውተን ሜትር ይጠበቁ፣ ከዚያ በላይ ክሩ ይበላል። ክዳኑ ተከፍቶ ሳለ ከፍሪሲዮኑ አጠገብ ያለውን የሚሽከረከር ዘይት ማጣሪያ አለማጽዳት ጥፋት ነው፤ የተፈጨው ሸራ ጥቁር ጭቃ ሆኖ የሚከማቸው እዚያ ነው። ክዳን ተከፍቶ ሲገጠም ወደ 1 ሊትር ዘይት ይገባል፣ በተራ ቅያሪ ወደ 0.9። መለኪያ ዘንጉ ሳይጠመዘዝ፣ እንዲሁ ገብቶ ይነበባል።

በአጠቃቀም ላይ የታየው ይህን ይመስላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሸራው ቦታውን ሲይዝ የሌቫው ባዶ ጉዞ አንሶ አንድ ጊዜ ካቮ ማላላት ጠይቋል፤ ከዚያ ወዲህ አልተነካም። የክረምት ጭቃ ላይ ከጭነት ጋር ሲነሳ ፍሪሲዮኑ አልተንሸራተተም። ረጅም ዳገት ላይ፣ እንደ ዓባይ በረሃ ባለው፣ ሌቫውን በግማሽ ይዞ መንዳት ማንኛውንም ሸራ ያቃጥላል፤ ማርሽ ቀንሶ ሌቫውን ሙሉ መልቀቅ ነው። ጠዋት ብርድ ላይ ሸራዎቹ ተጣብቀው አንደኛ ማርሽ «ጓ» ብሎ ይገባል። ሞተሩ ሳይነሳ ሌቫውን ይዞ ማስነሻውን ሁለት ሦስት ጊዜ መርገጥ ያላቅቃቸዋል።

ጓርኒሲዮኑ ስስ ነው፤ ከታች በኩል ዘይት ማላብ ስለጀመረ በወፍራም ተቀይሯል። ያኔ ክዳኑ ሲከፈት ሸራዎቹ እንደገና ተለክተው 2.8 ገደማ ተገኝተዋል። በዚህ አያያዝ ገና ብዙ ይሄዳሉ።

ዳግመኛ ለሚገዛ፦ የብረት ዲስኮቹ ቀጥ ካሉ ሙሉ ስብስብ አያስፈልግም፤ ሸራ ብቻ፣ ሞላና ወፍራም ጓርኒሲዮን ለየብቻ ይበቃል። መለኪያ ይዞ መሄድና ላስቲኩን አስከፍቶ እዚያው መለካት ነው። ባለሱቁ አልከፍትም ካለ ቀጣዩ ሱቅ ይሞከር።