ምናለሽ ተራ ቢላ ማሠራት፦ ጥሬውን እዘዙ፣ ስለቱን እቤት ጨርሱ

እቤቱ ቢላ መሥራት ለሚወድ ሰው ትልቁ ፈተና ውፍረቱ 8 ሚሊ ሜትር የሆነውን ባሌስትራ (የመኪና ሞላ ብረት) ወደ 3 ማውረዱ ነው። በግራይንደር ከሆነ ከግማሽ በላዩ ዱቄት ሆኖ ይቀራል፤ በመዶሻ ከሆነ ጎረቤት አይተኛም። መርካቶ ምናለሽ ተራ ያሉ ቀጥቃጮች ይህችን ሥራ አሳምረው ይሠሯታል። ያለቀለት ቢላ ስትገዙ ግን ነገሩ እንደ ዕድላችሁ ነው። ስለዚህ ቅጥቀጣውን ከነሱ ግዙ፣ ማጠንከሩንና መሳሉን ለራሳችሁ አስቀሩ።

ስለ ብረቱ ቅሬታ የለንም። የመኪና ባሌስትራ ብዙውን ጊዜ 5160 የሚባለው ዓይነት ወይም የሱ ዘመድ ነው፤ ካርቦኑ 0.6 በመቶ፣ ክሮሙ 0.8 በመቶ ገደማ። ዘይት ውስጥ ይጠነክራል፣ በቀላሉም አይሰበርም። ከፌሮ ወይም ከላሜራ የተሠራ ግን ካርቦኑ አነስተኛ ስለሆነ የቱንም ያህል ብትስሉት ወዲያው ይደነዝዛል። ከተጠራጠራችሁ ግራይንደር አስነኩት፦ የባሌስትራ ብልጭታ ጫፉ ላይ ቅርንጫፍ እያወጣ ይፈነዳል፤ የፌሮው ረጅምና ቀጥ ያለ ነው። ሌላው ጣጣ ያረጀ ባሌስትራ ለዓይን የማይታይ ስንጥቅ መያዙ ነው። ስንጥቁ የመሃሉ ብሎን ቀዳዳ አካባቢ ስለሚበረታ፣ ከዚያ ራቅ ካለው ክፍል ይቆረጥላችሁ።

ስታዝዙ ልኩን በቃል አትንገሩ። «ቀጠን ያለ» ካላችሁ 5 ሚሊ ሜትር ትረከባላችሁ። ካርቶን ደግሞ የጋለ ብረት ላይ ይቃጠላል፤ ቅርጹን ከስስ ላሜራ ቆርጣችሁ ውሰዱ። ለማድ ቤት የሚሆነው ልክ ርዝመቱ 20 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ጀርባው እጀታው ጋ 3፣ ጫፉ ጋ 1.5 ሚሊ ሜትር ነው። የስለቱ መስመር 1 ሚሊ ሜትር ያህል ወፍራም ሆኖ ይቅር። ከዚህ ቀድሞ ከሳሳ ሲጠነክር ይጣመማል፤ በዚያ ላይ ከሰል ውስጥ የቆየ ብረት የላዩ ቆዳ ካርቦኑን ስለሚያጣ በኋላ ተሞርዶ የሚወጣ ትርፍ ያስፈልጋችኋል። በመጨረሻ አግለው አመድ ውስጥ ቀብረው እንዲያሳድሩት ለምኑ። ይህ ካልተደረገ እቤት ሞረድ አይበላውም።

እቤት መጀመሪያ የእጀታውን ቀዳዳዎች በትራፓኖ ብሱ፤ ከጠነከረ በኋላ ወዮላችሁ። ከዚያ ሞርሳ ላይ አስራችሁ ቅርጹን በሞረድ አስተካክሉ።

ማጠንከሩ ላይ አትቸኩሉ። ጥላ ውስጥ ሆናችሁ አግሉትና በማግኔት ሞክሩ። ማግኔቱ መሳቡን የሚያቆመው 770 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከዚያ ቀለሙ ትንሽ ፈካ እስኪል፣ ማለትም 830 እስኪደርስ ጠብቁ። ነጭ ብልጭታ መትፋት ከጀመረ ተቃጥሏል፣ ጣሉት። 4 ሊትር የኑግ ዘይት 50 ዲግሪ ድረስ አሙቁና ቢላውን ቀጥ አድርጋችሁ ንከሩት፤ ወደ ጎን ካወዛወዛችሁት ይቆለመማል። ውሃ ውስጥ ከነከራችሁት «ቀጭ» የሚል ድምፅ ልትሰሙ ትችላላችሁ፣ እሱ ብረቱ ሲሰነጠቅ ነው። የተቃጠለ የሞተር ዘይትም ጭሱ መርዝ ስለሆነ ይቅርባችሁ። ሥራው ደጅ ይሁን፣ ዘይቱ ብረት ዕቃ ውስጥ ይሁን፣ ክዳኑም አጠገባችሁ ይቀመጥ። አዲስ ሞረድ ስለቱ ላይ ሲንሸራተት ጠንክሯል ማለት ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ምቶች ቢበሉት አትደንግጡ፣ የላዩ ቆዳ ነው።

ይህን ያህል የጠነከረ ስለት ግን ሽርክት ማለቱ አይቀርም። እንዲለዝብ ወዲያው ኦቭን ውስጥ 200 ዲግሪ ላይ 2 ሰዓት፣ አቀዝቅዛችሁ ደግሞ ሌላ 2 ሰዓት አቆዩት። የጸዳው ብረት የገለባ ቀለም ይይዛል። የኦቭኑን ቁልፍ አትመኑ፣ ውስጡ ቴርሞሜትር አስቀምጡ። ያለቀለት ቢላ ልግዛ ያለ ሰውም ቀለሙን ይይ፦ ስለቱ ዳር ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ መስመር ካለ፣ በደረቁ ግራይንደር ሲሳል 300 ዲግሪ አካባቢ ደርሶ ለስልሷል። ዋጋውን ቢቀንሱላችሁም እለፉት።

ከዚህ በኋላ ስለቱን ያለ ጓንት በባዶ እጅ ይዛችሁ፣ አጠገብ ባልዲ ውሃ አስቀምጣችሁ፣ 0.4 ሚሊ ሜትር እስኪሆን አሳሱት። ብረቱ ጣት ካቃጠለ ውሃ ውስጥ ይግባ። መሳያው ድንጋይ 1000 ቁጥር፣ ቀጥሎ 3000 ይበቃል። ለ15 ዲግሪ ማዕዘን፣ 5 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለውን ቢላ ጀርባ ከድንጋዩ 1.3 ሴንቲ ሜትር ማንሳት ነው። ለእጀታ የደረቀ ወይራን የሚያህል የለም፤ ጭራውን (እጀታው የሚያርፍበትን የብረት ክፍል) በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ቧጭራችሁ እንጨቱን በኢፖክሲ ማጣበቂያ ለጥፉት፣ ሲደርቅ የተልባ ዘይት አጠጡት።

ውጤቱ? የወጥ ሽንኩርት ሳይጨፈልቅ ያደቃል፣ የበሰለ ቲማቲም ሳይጫኑት ይገባል፣ ቁርጥም ላይ ጅማቱን ሳይጎትት ያልፋል። ዝገቱ ግን እውነት ነው። መጀመሪያ ሰሞን ሽንኩርቱን ያጠቁራል፣ ስለቱም ግራጫ ይሆናል፤ ግራጫው ይተው፣ ቀዩ ብቻ ይጸዳ። ሎሚ ከቆረጡ በኋላ ወዲያው አጥቦ ማድረቅ የግድ ነው። ቢላ ሲንክ ውስጥ የሚያሳድር ቤተሰብ ከውጭ የሚመጣውን ስቴንለስ ይግዛ፣ አይከፋንም።

ይህ ቢላ ዶሮ ሲገነጠል መገጣጠሚያውን በደንብ ይከፍታል፣ 12ቱንም ብልት ያወጣል። አጥንት መምቻ ግን አታድርጉት። ለሱ ከዚያው ባሌስትራ ጀርባው 5 ሚሊ ሜትር የሆነ ሌላ እዘዙ፣ ኦቭን ውስጥ 250 ዲግሪ ላይ አለዝቡት፣ ስለቱንም በየጎኑ 25 ዲግሪ ሳሉት።