የቴናሊ ምሳ፤ ከታችኛው አዳራሽ ይበሉ

ቴናሊ በደቡብ ሕንድ፣ በአንድራ ፕራዴሽ ግዛት፣ በጉንቱር አውራጃ የምትገኝ ቴሉጉ ተናጋሪ የገበሬ ከተማ ናት። ከቪጃያዋዳ በባቡር ለሚመጣ መንገደኛ በመስኮት የሚታየው ሩዝ፣ ሙዝና ቦይ ነው፤ ከክሪሽና ወንዝ የተጠለፉ ሦስት ቦዮች በከተማዋ ስለሚያልፉም የአካባቢው ሰው «የአንድራ ፓሪስ» እያለ ያሞካሻታል። የምገመግመው ምግብ ቤት ከገበያው ብዙም የማይርቅ፣ ታችና ላይ አዳራሽ ያለው ቤት ሲሆን፣ ወደ ኋላ የማነሣው ቅሬታ ስላለኝ ስሙን ትቼዋለሁ። በአንድራ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ በመሆናቸው፣ ዩኒቨርሲቲው ካለበት ከቪሻካፓትናም ወደ ደቡብ ወረድ ብሎ የክሪሽና ወንዝ ዴልታን ምግብ መቅመስ ለሚፈልግ ሰው ይህ ጽሑፍ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

በታችኛው አዳራሽ የምግብ ዝርዝር የሚባል ነገር የለም። እንግዳው እንደተቀመጠ አስተናጋጁ የሙዝ ቅጠል ጫፉን ወደ ግራ አድርጎ ይዘረጋለታል፤ እንግዳውም ውኃ ረጨት አድርጎ ቅጠሉን በእጁ ይጠርጋል። ከዚያ በኋላ ባልዲና ጭልፋ የያዙ አስተናጋጆች እየተከታተሉ ይመጣሉ፤ ከቅጠሉ የላይኛው ጠርዝ ላይ ጨው፣ አቫካያ የሚባለውን የማንጎ ማባያና ጎንጉራ የሚባለውን የቅጠል ማባያ፣ ከመሃል ደግሞ እንፋሎቱ የሚጨስ ሩዝ ያስቀምጣሉ። በቃኝ እስኪሉ ድረስ ይጨምራሉ፣ ሒሳቡ ግን አይጨምርም፤ እኔ የከፈልሁት ከ200 ሩፒ በታች ነው። የሚበላው በቀኝ እጅ ስለሆነ ለእኛ ባዕድ አይደለም፤ ይሁንና የተበታተነ ሩዝን በጣት ጫፍ ሰብስቦ፣ ሳያንጠባጥቡ መጉረስ እንጀራ ለለመደ እጅ ጥቂት ልምምድ ይጠይቃል።

ቤቱን የምመዝነው ከሁሉ በፊት በሩዙ ነው፤ በዚህ አገር ወጡ ለሩዙ ይሠራል እንጂ ሩዙ ለወጡ አይቀርብምና። ቀጠን ያለችው፣ ስትበስል የማትጣበቀውና ሆድ የማትከብደው ዘር በገበሬው ዘንድ «ቢፒቲ» ትባላለች፤ ስሟን ያገኘችው እዚያው ዴልታ ውስጥ ካለችው ከባፓትላ የምርምር ጣቢያ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1986 ከተለቀቀች ወዲህ ከአንድራ አልፋ በሌሎች የሕንድ ግዛቶችም ተስፋፍታለች። ጣቢያው ያለበት የግብርና ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የሚጠራው ከቴናሊ ብዙም በማትርቀው ኒዱብሮሉ በተወለዱት የገበሬዎች መሪ በኤን. ጂ. ራንጋ ስም ነው። ለማሳው ውኃ የሚያደርሰው ቪጃያዋዳ ላይ ክሪሽናን የገደበው የፕራካሳም ግድብ እ.ኤ.አ. በ1957 ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ ከእሱ በፊት በእንግሊዞች ዘመን የተሠራ ሌላ ግድብ ነበረ። በዕለቱ የቀረበልኝ ሩዝ ፍሬው ከፍሬው የተለያየ፣ ያልነፈረና ያልደረቀ ነበር፤ ለዚህ ብቻ ሙሉ ነጥብ እሰጠዋለሁ።

ጎንጉራ ሰው ሁሉ ጉንቱርን የሚያስታውስበት ምግብ ነው። ቅጠሉ እኛ አበባውን አፍልተን የምንጠጣው የከርከዴ ቅጠል መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? በዘይት ጠውልጎ፣ ከደረቀ ቀይ በርበሬና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ተወቅጦ ይቀርባል፤ ኮምጣጣነቱ ከራሱ ከቅጠሉ ስለሆነ ሎሚም ኮምጣጤም አይፈልግም። እዚህ ቤት ተወቅጦ እንጂ በማሽን ተፈጭቶ እንዳልመጣ በምላስ ይታወቃል፤ የቅጠሉ ጭረት ጥርስ ላይ ይገኛል። በጥሬ ቀይ ሽንኩርት እየነከሱ ከሩዝ ጋር ሲበሉት ሌላ ወጥ አያስፈልግም።

አቫካያውም አላሳፈረም። ያልበሰለ ማንጎ ከነፍሬው ቅርፊት ይከተፍና ከበርበሬ፣ ከተፈጨ ሰናፍጭ፣ ከጨውና ከሰሊጥ ዘይት ጋር ይለወሳል፤ እሳት ሳይነካው ከዓመት እስከ ዓመት ይቆያል። የእኛ አዋዜና የጾም ሰናፍጭ በአንድ ማሰሮ ቢቀላቀሉ ወደዚህ ጣዕም ይቀርባሉ፤ ልዩነቱ የእነሱ በርበሬ እንደ እኛው በቅመም ብዛት ያልለሰለሰ፣ ብቻውን የሚጋረፍ መሆኑ ነው። በርበሬው የሚመጣው ከጉንቱር ገበያ ሲሆን፣ ይህ ገበያ ከእስያ ትልልቅ የበርበሬ ገበያዎች አንዱ ነው። በርበሬ ለእነሱም ለእኛም ከአሜሪካ አህጉር የመጣ እንግዳ መሆኑን ማንም የሚያምን አይመስልም።

ጾመኞች አንድ ነገር ሊያውቁ ይገባል። ሥጋ የማይገባበት ቤት ነው ማለት የጾም ቤት ነው ማለት አይደለም። ከርግብ አተር የተሠራው ፓፑ የሚባል ወጥ ሩዙ ላይ እንዳረፈ፣ አንድ ሰው ከኋላ ድንገት ብቅ ብሎ ንጥር ቅቤ በማንኪያ ያፈስበታል፤ ያለ ፈቃድ ይፈስሳል፣ ከፈሰሰ በኋላም መመለሻ የለውም። «ነይ ቫዱ» ካሉት ግን ቅቤ አልፈልግም ማለትዎ ስለሆነ ያልፍዎታል። ምሳው የሚዘጋበትን እርጎም መተው ነው፤ በሁመር የኮመጠጠው ቻሩ የሚባል ቀጭን ትኩስ ሾርባ ይበቃል። ለፍስክ ተመጋቢ ግን ከዚህ ሁሉ በርበሬ በኋላ እርጎው ግድ ነው፤ የዚህ ቤት እርጎ ቀጥኖብኛል።

ቅሬታዬ ወደ ላይኛው አዳራሽ ነው። የውጭ ሰው ሲያዩ «ኤሲ፣ ኤሲ» (አየር ማቀዝቀዣ አለ ለማለት) እያሉ ወደ ደረጃው ይገፉታል። ላይ ቤት ቅዝቃዜና ሥዕል ያለው የምግብ ዝርዝር አለ፤ የሰሜን ሕንድ አይብና «የቻይና» ጥብስ ሩዝ አለ፤ ከዴልታው የሆነ ነገር ግን ጥቂት ነው። የሙዝ ቅጠሉ በወረቀት ላይ የታተመ ሥዕል ሆኖ አገኘሁት። ጎንጉራው ከታሸገ ጠርሙስ የወጣ መሆኑን ልስላሴው ይመሰክራል፣ ሩዙም ዳግመኛ ሞቆ ተጓጉሏል። ለዚህ ሁሉ ከታች ያለው ዋጋ እጥፍ ይከፈላል። የከተማዋ ገበሬዎች፣ የሎሚ ነጋዴዎችና የባቡር ሠራተኞች ታች ተሰልፈው ሳለ እንግዳን ወደዚያ መውሰድ አክብሮት ሊሆን ይችላል፤ ለምግቡ ግን ውለታ አይደለም።

ታች ወረፋ ለሚጠብቅ ሰው ግድግዳው ላይ የቴናሊ ራማክሪሽና ሥዕል አለለት። ይህ ሰው በ16ኛው መቶ ዘመን በቪጃያናጋራው ንጉሥ በክሪሽናዴቫራያ ቤተ መንግሥት የነበረ ባለ ቅኔ ሲሆን፣ ሕዝቡ ከቅኔው ይልቅ በፈሊጡና ንጉሥ ፊት በሚመልሰው መልስ ያስታውሰዋል፤ አለቃ ገብረ ሐናን የሚያውቅ አንባቢ ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። ሥዕሉ በራሱ አያምርም፤ ከአሮጌ ብረት ሐውልት የሚሠሩ እጀ ብልሆች ያሉባት ከተማ የተሻለ ባገኘች ነበር።

ጠዋት ለሚመጣ ደግሞ ጋሬሉን እመክራለሁ። መሃሉ የተበሳ ጥብስ ሲሆን፣ የሚሠራው የማሾ ዘመድ ከሆነ ጥቁር ጥራጥሬ ነው። የዴልታው ገበሬ ይህን ጥራጥሬ ሩዙ ሊታጨድ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ገና በቆመው ሰብል መካከል ይበትነዋል፤ ማሳው ሳይታረስ፣ በቀረው እርጥበት ብቻ ያድጋል። ጋሬሉ ከውጭ ተንኮሻኩሾ ከውስጥ እንደ ስፖንጅ መለስለስ አለበት፤ የዚህ ቤቱ ለሁለቱም በቅቷል፣ የዝንጅብል ማባያው ግን ጣፋጭነቱ በዝቷል። ለምሳ ከሆነ ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል በፊት ይድረሱ፤ ከዚያ ወዲያ የተወቀጠው ጎንጉራ ስለሚያልቅ ታችም ቢሆን የሚያወጡት ያንኑ የጠርሙሱን ነው።