ለጓሮ መደብ የሚሞላ አፈር፦ የቱን እንግዛ?

ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ባለው ግቢያችን ውስጥ ከፍ ያሉ ሁለት የአትክልት መደቦች አሉ። አንዱን በነጻ ባገኘሁት አፈር ሞላሁት፣ ሌላውን ገዝቼ። ነጻ ያልኩት ጉድ አደረገኝ። የፈረሰ ቤት አፈር ኖሯል፤ ስኮተኩተው የቀለም ቅርፊት፣ ጠርሙስና የባትሪ ድንጋይ ወጣ። የድሮ ቀለም ሊድ (እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት) ሊኖርበት ይችላል፤ ሊድ ደግሞ ዓመት ቢጠብቁት ከአፈር አይጠፋም። ሁሉንም ዝቄ አወጣሁት።

2 ሜትር በ1 ሜትር፣ ከፍታው 30 ሳ.ሜ. የሆነ መደብ 600 ሊትር ይበላል። ባለ 20 ሊትር ባልዲ 30 ጊዜ ማለት ነው።

ጥቁር ወይስ ቀይ አፈር? ሻጭ ጥቁሩን ያሞግሳል። ዋልካ ከሆነ ግን ሐምሌ ላይ ውሃ ይቋጥራል፣ መጋቢት ላይ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። እኔ ቀዩን እመርጣለሁ። ብቻውን ደካማ ስለሆነ ለሁለት እጅ አፈር አንድ እጅ የበሰለ ኮምፖስት እጨምራለሁ። የፎገራ የሩዝ ቅርፊት አፈሩን ያላላል፣ አያዳብርም።

እርጥብ እበት ርካሽ ነው፤ ግን ሥር ያቃጥላል፣ ለሰላጣና ለካሮትም ጀርም ይተርፋል። ከጨመራችሁት በኋላ ምርት እስክታነሱ 4 ወር ጠብቁ። ኮምፖስት ስትገዙ ደግሞ እጃችሁን ጆንያው ውስጥ እስከ ክርን አስገቡ። ውስጡ ከሞቀ ወይም ሽንት ሽንት ካለ ገና ነው። የበሰለው ዝናብ የነካው መሬት ይሸታል።

የእምቦጭ ኮምፖስትስ? ጣና ዳር ያለ ሰው ይህን መጠየቁ አይቀርም። አረሙ ሞልቷል፤ ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ስለሆነ ግን ተራራ የሚያህል ክምር እፍኝ ሆኖ ይቀራል። ዘሩ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል፣ ክምሩ በደንብ መጋል አለበት። ዋናው ስጋቴ ሌላ ነው፦ እምቦጭ ከባድ ብረቶችን ከውሃ መጦ ይይዛል። የከተማ ፍሳሽ ከሚገባበት ዳርቻ የተሰበሰበውን ለአበባ እንጂ ለቆስጣ አልገዛም። "ከየት ተሰበሰበ?" ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ከሌለው ይቅርባችሁ።

ብዙ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ጣሳ ኮምፖስት ወስዳችሁ ሦስት ባቄላ ዝሩበት። ባለፈው የሞከርኩት በቀለ፣ ግን ቅጠሉ ተጠማዞ ወጣ። ሻጩን ብጠይቀው ኮምፖስቱ ውስጥ የገባው ገለባ ፀረ አረም ከተረጨ ማሳ የመጣ ሳይሆን አይቀርም አለኝ።