«ጊቭ አፕ» በሁለት ቃል፦ የአንዲት የኪስ መጽሐፍ ግምገማ

ከመንገድ ዳር መጻሕፍት ሻጭ የገዛኋት የእንግሊዝኛ ሐረጋዊ ግሶች (ከአጃቢ ቃል ጋር ተጣምረው ሌላ ትርጉም የሚሰጡ ግሶች) መፍቻ ከመዳፍ የማትሰፋ፣ ዋጋዋም ከሁለት ማኪያቶ እምብዛም የማይበልጥ ናት። ፊደሏ ጎላ ያለ ነው፤ ግሶቹም በእንግሊዝኛው የፊደል ተራ ስለተደረደሩ ታክሲ እየጠበቁ ለመግለጥ ትመቻለች። ይዘቷን ለመፈተን ማንኛውም ጀማሪ ቶሎ የሚያገኘውን «ጊቭ አፕ»ን ፈለግሁ። ያገኘሁት ፍቺ ሁለት ቃል ብቻ ነው፦ «ተስፋ መቁረጥ»።

ፍቺው ስሕተት አይደለም። ተማሪ ከባድ ጥያቄ ገጥሞት እርሳሱን ሲያስቀምጥ ሁለቱም ቋንቋዎች ይስማማሉ። ነገር ግን ማጨስ ያቆመ ሰውም የሚገለጸው በዚሁ ግስ ነው፤ እርሱ ደግሞ ተስፋ የቆረጠ ሳይሆን ይልቁንም ተስፋ ያደረገ ነው። በአውቶቡስ ውስጥ ለአረጋዊት መቀመጫውን የለቀቀ ወጣትም፣ ለፖሊስ እጁን የሰጠ ተፈላጊም ከዚሁ ግስ አይወጡም። መጽሐፏን አምኖ ያጠና ተማሪ ሐኪም ሲጋራ እንዲተው በእንግሊዝኛ ሲመክረው «ተስፋ ቁረጥ ተባልኩ» ብሎ ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

አማርኛችን ለዚህ ግስ ቅርብ ዘመድ ያለው መሆኑ ደግሞ ቁጭቴን ያባብሰዋል። «እጅ ሰጠ» የሚለው አነጋገር እንደ እንግሊዝኛው «ጊቭ» በመስጠት ላይ የቆመ ነው። በእንቆቅልሽ ጨዋታም መልሱ የጠፋው ልጅ «አገር ስጠኝ» ሲባል አገር ሰጥቶ ፍቺውን ይሰማል፤ እንግሊዛዊው ልጅ በዚያው ቦታ የሚለው «አይ ጊቭ አፕ» ነው። የመጽሐፏ መግቢያ ግን ሐረጋዊ ግስ ለአማርኛ ፈጽሞ ባዕድ እንደሆነ ይነግረናል። «ብድግ አለ»፣ «ቁጭ አለ» የሚል ሕዝብ የግስ ትርጉም ከአጃቢው ጋር እንደሚለወጥ ከልጅነቱ ያውቃል፤ «ዝም አለ» የምንለው ሰው እኮ አንዳች አላለም።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ስለ አገባቡ አንድም ቃል አለመተንፈሷ ነው። ከ«ጊቭ አፕ» ቀጥሎ የሚመጣው ግስ በ«ኢንግ» ስለሚያልቅ «ጊቭ አፕ ስሞኪንግ» እንጂ «ጊቭ አፕ ቱ ስሞክ» አይባልም። ተሳቢው ስም ሲሆን ከ«አፕ» በፊትም በኋላም ሊገባ ይችላል፤ «ኢት»ን የመሰለ ተውላጠ ስም ሲሆን ግን መካከል መግባት ስላለበት «ጊቭ ኢት አፕ» ይባላል። በሰው ተስፋ መቁረጥን ለመግለጽ ደግሞ «ኦን» ይጨመራል። አብዛኞቻችን የምንሳሳተው በእነዚህ ነው፤ አንድ የምሳሌ ዓረፍተ ነገር ቢታከል ግማሹ ችግር በተቃለለ ነበር።

ስለዚህ መጽሐፏን የግሶች ዝርዝር አድርጎ ለሚይዛት ሰው እንዲገዛት እመክራለሁ፤ ፍቺ ለሚፈልግ ግን በኢንተርኔት በነጻ የሚገኘው የካምብሪጅ መዝገበ ቃላት ከነምሳሌው ይሻለዋል። እኔ በራሴ ቅጂ ኅዳግ ላይ «መተው፣ መልቀቅ፣ እጅ መስጠት» ብዬ በእርሳስ ጨምሬበታለሁ፤ ለ«ኦን» ግን ቦታ አልተረፈም።